ለሙያ ሥልጠናና ለጎልማሶች ትምህርት የሚውል ገንዘብ፤ ምንጩና መንገዱ

መግቢያ

የማታ ትምህርት የሚያስተምር መምህር ሁሉ የሚያውቀው አንድ ነገር አለ። በመስከረም ሞልቶ የተጀመረው ክፍል በጥር ይሳሳል፤ በሚያዝያ ደግሞ ከፊት ረድፍ የሚቀመጡት ጥቂቶች ብቻ ይቀራሉ። ትምህርቱ በነፃ ወይም በአነስተኛ ክፍያ የሚሰጥ ሆኖ ሳለ ተማሪው ስለምን ቀረ ብሎ የጠየቀ መምህር ብዙውን ጊዜ የሚያገኘው መልስ «ሥራ በዛብኝ»፣ «መኸር ደረሰ»፣ «የሌሊት ተራ ገባሁ» የሚል ነው። «ገንዘብ አጣሁ» የሚል ቃል እምብዛም አይሰማም። ይሁን እንጂ መልሶቹ ሲመረመሩ ሁሉም የገንዘብ መልሶች ናቸው። ጎልማሳው የቀረው ለትምህርቱ የሚከፍለው ስላጣ ሳይሆን፣ በትምህርቱ ሰዓት ሊያገኘው ይችል የነበረውን ገቢ መተው ስላልቻለ ነው።

የዕቅድ ባለሙያው በበኩሉ ነገሩን የሚያየው ከሌላ አቅጣጫ ነው። በእርሱ ፊት ያለው ጥያቄ ለሙያ ማሠልጠኛዎችና ለጎልማሶች ትምህርት የሚያስፈልገው ገንዘብ ከየት ይገኛል የሚለው ነው። ከመንግሥት ግምጃ ቤት ነውን? ከአሠሪዎች ነውን? ከሠልጣኙ ነውን? ወይስ ማሠልጠኛው ራሱ ከሚሠራው ሥራ? ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ግን ሙሉ አይደለም። ልዩ ልዩ አገሮች ያለፉባቸው ተሞክሮዎች እንደሚያሳዩት የገንዘቡ ምንጭ ብቻውን ውጤቱን አይወስነውም። ገንዘቡ በማን እጅ እንደሚያልፍ፣ መቼ እንደሚከፈልና በምን ማስረጃ እንደሚለቀቅ የሚወስነው መንገድ ምንጩን ያህል ክብደት አለው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማም የታወቁትን የገንዘብ ምንጮች አንድ በአንድ እያነሡ መንገዳቸውን ጭምር መመርመርና ለመምህራንና ለዕቅድ አውጭዎች የሚጠቅም መደምደሚያ ላይ መድረስ ነው።

1. የጎልማሳ ሥልጠና ወጪ ከምን ከምን ይዋቀራል?

የሥልጠናን ወጪ በሦስት ከፍሎ ማየት ይቻላል። የመጀመሪያው ማስተማሪያ ወጪ ሲሆን ይህም የመምህራን ደመወዝን፣ ሕንጻንና የወርክሾፕ መሣሪያን ይጨምራል። ሁለተኛው አላቂ ዕቃ ነው። ለብየዳ ኤሌክትሮድና ላሜራ፣ ለልብስ ስፌት ክርና ጨርቅ፣ ለእንጨት ሥራ ጣውላና ሙጫ፣ ለመሠረተ ትምህርት ደብተርና የንባብ መጽሐፍ የዚህ ክፍል ናቸው። ሦስተኛው ደግሞ በማናቸውም የሒሳብ መዝገብ ላይ የማይጻፈው፣ ሠልጣኙ በሥልጠና ላይ ሳለ የሚቀርበት ገቢ ነው።

ለማስረዳት ያህል አንድ ምሳሌ እንውሰድ። አኃዙ ለስሌት የተወሰደ እንጂ በጥናት የተገኘ አይደለም። በሕንጻ ሥራ ላይ በቀን 300 ብር የሚያገኝ አንድ የቀን ሠራተኛ የቧንቧ ሥራ ለመማር ፈለገ እንበል። ሥልጠናው በቀን የሚሰጥ፣ በሳምንት አምስት ቀን ሆኖ ለ26 ሳምንታት የሚቆይ ቢሆን ሠራተኛው 130 የሥራ ቀናት ያጣል። ይህም 39,000 ብር ነው። የሥልጠናው ክፍያ 3,000 ብር ቢሆን በሠልጣኙ ላይ የሚወድቀው ጠቅላላ ሸክም 42,000 ብር ይሆናል። እንግዲህ መንግሥት ወይም አንድ በጎ አድራጊ ድርጅት ክፍያውን ሙሉ በሙሉ ቢያነሣለት ያነሣለት ከአሥራ አራት እጅ አንዱን ብቻ ነው።

ሕፃን ተማሪ ይህ ችግር የለበትም ማለት አይቻልም፤ በገጠር እረኛ የሆነ ልጅም ለቤተሰቡ የሚያስገኘው ጥቅም አለ። ነገር ግን ቤተሰብ የሚያስተዳድር ጎልማሳ የሚቀርበት ገቢ የቤተሰቡ ዕለታዊ እንጀራ ስለሆነ ሊዘገይ ወይም በሌላ ሊተካ አይችልም። ስለዚህ ለጎልማሶች የሚዘጋጅ ማናቸውም የገንዘብ ዕቅድ በመጀመሪያ ሊጠየቅ የሚገባው «የቀረውን ገቢ ማን ይሸከመዋል?» ተብሎ ነው። የዓለም የሥራ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1974 ያጸደቀው ከክፍያ ጋር ስለሚሰጥ የትምህርት ፈቃድ የሚናገረው ስምምነት ቁጥር 140 የተነሣውም ከዚሁ ጥያቄ ነበር። ይሁንና ስምምነቱ በዋናነት የሚያገለግለው ቋሚ ቅጥር ያለውን ሠራተኛ ነው። በግሉ የሚያርሰው፣ የሚነግደውና በቀን ሥራ የሚተዳደረው ሕዝብ ፈቃድ የሚሰጠው አሠሪ የለውም።

2. ካለፈው ልምዳችን የምንረዳው

በአገራችን ትምህርትን በሕዝብ አቅም ማካሄድ አዲስ ነገር አይደለም። በቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቤት የቆሎ ተማሪ ደበሎውን ለብሶ፣ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ በየደጁ በሚያገኘው ምግብ ለብዙ ዓመታት ይማር ነበር። መምህሩም ደመወዝ የሚቆረጥለት ሠራተኛ አልነበረም። ይህ ሥርዓት ከገንዘብ አንጻር ሲታይ የተማሪው የዕለት ጉርስ በመንደሩ ሕዝብ ላይ ተከፋፍሎ የሚወድቅበት ዘዴ ነው። በሸማኔው፣ በአንጥረኛውና በቆዳ ፋቂው ዘንድም ሙያ የሚተላለፈው ልጅ ከአባቱ ወይም ከዘመዱ ጎን ተቀምጦ እየሠራ በመማር ስለነበረ ሥራና ትምህርት አልተለያዩም፤ የቀረ ገቢም አልነበረም። የሁለቱም ሥርዓት ድካም የሚታወቅ ቢሆንም፣ ተማሪው በምን ይኖራል የሚለውን ጥያቄ ሳይመልሱ ትምህርት እንዳልጀመሩ ልብ ማለት ይገባል።

በቅርቡ ታሪካችን ትልቁን ትምህርት የሚሰጠን በሐምሌ ወር 1971 ዓ.ም. የተጀመረው ብሔራዊ የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ነው። ዘመቻው በ15 ቋንቋዎች የተካሄደ ሲሆን እ.ኤ.አ. በ1980 በዩኔስኮ አማካይነት የሚሰጠውን ዓለም አቀፍ የመሠረተ ትምህርት ሽልማት አስገኝቷል። የወጪው ሁኔታ ሲመረመር ዋናው ገንዘብ ገንዘብ አልነበረም ማለት ይቻላል። አስተማሪዎቹ በአብዛኛው ተማሪዎች፣ መምህራንና በጎ ፈቃደኞች ነበሩ፤ የመማሪያ ቦታውን ሕዝቡ በጉልበቱና በመዋጮው ሠራ፤ በቤቱ ያለውን ወንበርና ፋኖስ አዋጣ። በዚህ መንገድ መደበኛው በጀት ፈጽሞ ሊሸከመው የማይችል ሥራ ተሠራ።

ነገር ግን በዘመቻ የሚሰበሰብ አቅም ዘመቻው ሲያበቃ አብሮ ያበቃል። ፊደል የቆጠረው ጎልማሳ ያወቀውን እንዳይረሳ የንባብ ክፍል፣ አዲስ መጽሐፍ፣ ጋዜጣና በየጊዜው የሚጎበኘው አስተማሪ ያስፈልገዋል። እነዚህ በየዓመቱ የሚደጋገሙ ወጪዎች እንጂ በአንድ ጊዜ መዋጮ የሚዘጉ አይደሉም። በዘመቻው ዘመን ይወጡ የነበሩ መግለጫዎች ማንበብና መጻፍ የሚችለውን ሕዝብ ከግማሽ እጅግ በላይ ያደርሱት ነበር። በ1987 ዓ.ም. በተካሄደው የሕዝብና ቤት ቆጠራ ግን ዕድሜው 10 ዓመትና ከዚያ በላይ ከሆነው ሕዝብ ማንበብና መጻፍ የሚችለው ከሩብ ያነሰ ሆኖ ተገኝቷል። ልዩነቱ ከፊሉ በአቆጣጠር ዘዴ የመጣ ሊሆን ይችላል፤ ከፊሉ ግን ተምሮ ወደ ማይምነት የተመለሰው ሰው ነው። በ1960ዎቹ መጨረሻና በ1970ዎቹ በየአውራጃው የተቋቋሙ የማኅበረሰብ ሙያ ማሠልጠኛ ጣቢያዎችም ተመሳሳይ ዕድል ገጥሟቸዋል። ሕንጻውን ለመሥራት ገንዘብም ጉልበትም ተገኘ፤ ብዙዎቹ ግን ለአላቂ ዕቃና ለአሠልጣኝ የሚሆን ቋሚ በጀት በማጣታቸው ተዳክመዋል።

ከዚህ የሚወጣው ትምህርት ግልጽ ነው። የሕዝብ መዋጮና የበጎ ፈቃድ ሥራ ለመጀመር እጅግ ይጠቅማሉ፤ ለማቆየት ግን አይበቁም።

3. የመንግሥት በጀት

ለጎልማሶች ትምህርት ቀዳሚው ምንጭ የመንግሥት በጀት መሆኑ የማይቀር ነው። ማንበብ የማይችል ገበሬ ለትምህርቱ እንዲከፍል መጠየቅ አይቻልም፤ የሚገኘው ጥቅምም ለእርሱ ብቻ ሳይሆን ለልጆቹ፣ ለጤናውና ለመንደሩ ሁሉ የሚተርፍ ነው። ሆኖም ይህ ዘርፍ በበጀት ክፍፍል ጊዜ ሁልጊዜ ከመጨረሻው ረድፍ ይገኛል። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው የጎልማሶች ትምህርት ሪፖርት ጥያቄውን ከመለሱት አገሮች መካከል 19 ከመቶ የሚሆኑት ለዚህ ዘርፍ ያወጡት ከትምህርት በጀታቸው ከ0.5 ከመቶ በታች እንደሆነ፣ ሌሎች 14 ከመቶ ደግሞ ከ1 ከመቶ በታች እንደሆነ ገልጸዋል።

በአገራችን በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ የመንግሥት የገንዘብ ድጋፍ ቅድሚያ እስከ 10ኛ ክፍል ላለው ትምህርትና ተዛማጅ ሥልጠና እንዲሰጥ፣ ከዚያ በላይ ባለው ደረጃ ግን ወጪን መጋራት እያደገ እንዲሄድ አመልክቷል። በ2000 ዓ.ም. የተዘጋጀው ብሔራዊ የጎልማሶች ትምህርት ስትራቴጂና ከእርሱ ተከትሎ የመጣው የተቀናጀ ተግባር ተኮር የጎልማሶች ትምህርት መርሐ ግብር ማንበብና ማስላትን ከግብርና፣ ከጤናና ከገቢ ማስገኛ ሥራ ጋር አገናኝቶ ለማስተማር የታሰበ ነው። ሐሳቡ መልካም ነው፤ ዳሩ ግን የዕለት ሥራው በአመቻቹ ትከሻ ላይ የተጣለ ሆኖ ሳለ የአመቻቹ አበል አነስተኛ በመሆኑ ሰው ቶሎ ቶሎ ይለዋወጣል። አመቻች በተለዋወጠ ቁጥር ክፍሉ እንደገና ከፊደል ይጀምራል።

ሌላም ችግር አለ። የሙያ ሥልጠና በ2014 ዓ.ም. በተቋቋመው የሥራና ክህሎት ሚኒስቴር ሥር ሲሆን የጎልማሶች ትምህርት በትምህርት ሚኒስቴር ሥር ቀርቷል። ክፍፍሉ የአስተዳደር ምክንያት ይኖረዋል። ሆኖም በመንደር ያለው ጎልማሳ አንድ ሰው ነው። ማንበብ ከተማረ በኋላ ሙያ ለመልመድ ሲነሣ ከአንዱ በጀት ወጥቶ ወደ ሌላው በጀት መሻገር አለበት። ሁለቱን የሚያገናኝ መስመር በወረዳ ደረጃ ካልተዘረጋ በመካከል የሚወድቀው እርሱ ነው።

በበጀት አሠራር ረገድ ደግሞ በተደጋጋሚ የሚታይ ስሕተት ካፒታል በጀትንና መደበኛ በጀትን አለማመዛዘን ነው። ቶርኖ ማሽን መግዛት በአንድ ዓመት የሚያልቅ፣ ለጎብኚም የሚታይ ሥራ ነው። ለዚያ ማሽን በየዓመቱ ብረት፣ መቁረጫና የጥገና ዕቃ መመደብ ግን የማይታይ ሥራ ስለሆነ ይዘነጋል። ውጤቱም ሠልጣኙ ማሽኑን ሲሠራ ሳይሆን ቆሞ አይቶት ይመረቃል። አንድ ኤሌክትሮድ ለአምስት ሰው ተካፍሎ የብየዳ ባለሙያ አይወጣም።

4. የአሠሪዎች መዋጮ

የሠለጠነ ሠራተኛ ጥቅሙን የሚሰጠው በመጀመሪያ ለአሠሪው ነው። ነገር ግን አንድ ፋብሪካ ሠራተኛውን በራሱ ወጪ ቢያሠለጥን ጎረቤቱ ፋብሪካ ጥቂት ደመወዝ ጨምሮ ሊወስድበት ይችላል። በዚህ ሥጋት ምክንያት ሁሉም ከማሠልጠን ይቆጠባል። ይህን ለማስወገድ ብዙ አገሮች የመረጡት ዘዴ እያንዳንዱ አሠሪ ከሚከፍለው ጠቅላላ ደመወዝ ላይ የተወሰነ መዋጮ እንዲያዋጣና ገንዘቡ ለሥልጠና ብቻ እንዲውል ማድረግ ነው።

የዚህ ዘዴ ቀደምት ምሳሌ ብራዚል ናት። እ.ኤ.አ. በ1942 ሴናይ የተባለው የኢንዱስትሪ ሥልጠና አገልግሎት ሲቋቋም ገንዘቡ ከኢንዱስትሪዎች በሚሰበሰብ መዋጮ እንዲሸፈን፣ አስተዳደሩም በኢንዱስትሪ ባለቤቶች ማኅበር እጅ እንዲሆን ተደረገ። ከፋዩና አስተዳዳሪው አንድ በመሆናቸው ገንዘቡ ለሌላ ጉዳይ እንዳይውል የሚጠብቅ ባለጉዳይ አልጠፋም። ፈረንሳይ እ.ኤ.አ. በ1971 ባወጣችው ሕግ 10 እና ከዚያ በላይ ሠራተኞች ያሏቸው አሠሪዎች ከደመወዝ ወጪያቸው 0.8 ከመቶ ለሠራተኞች ተከታታይ ሥልጠና እንዲያውሉ አስገደደች። ደቡብ አፍሪካም እ.ኤ.አ. በ1999 ባወጣችው ሕግ መሠረት 1 ከመቶ የሚሰበሰብ ሲሆን ከዚህ ውስጥ 20 ከመቶው ለብሔራዊ የክህሎት ፈንድ፣ 80 ከመቶው ደግሞ በየኢንዱስትሪው ዘርፍ ለተቋቋሙ የሥልጠና ባለሥልጣናት ይተላለፋል። የዓመት የደመወዝ ወጪያቸው ከ500,000 ራንድ የማይበልጥ ትናንሽ ድርጅቶች ከመዋጮው ነፃ ናቸው።

ጎረቤታችን ኬንያ የመረጠችው በመቶኛ ሳይሆን በነፍስ ወከፍ፣ ለአንድ ሠራተኛ በወር 50 ሽልንግ የሚከፈልበትን አሠራር ነው። ስሌቱ ቀላል ነው፤ ነገር ግን መጠኑ የተቆረጠ በመሆኑ ዋጋ ሲንር የመዋጮው አቅም በዝምታ ይቀንሳል። የታንዛኒያ ተሞክሮ ደግሞ ሌላ ማስጠንቀቂያ ይዟል። በዚያ አገር የክህሎት ማጎልበቻ መዋጮ እ.ኤ.አ. እስከ 2013 ድረስ ከደመወዝ ወጪ 6 ከመቶ ደርሶ ነበር። ይህ እጅግ ከፍተኛ መጠን ነው። ይሁን እንጂ ለሙያ ሥልጠናው ባለሥልጣን ይደርስ የነበረው ከተሰበሰበው ሲሶው ብቻ ሲሆን የቀረው ለሌሎች ጉዳዮች፣ በተለይም ለከፍተኛ ትምህርት ብድር ይውል ነበር። አሠሪው «ለሥልጠና እከፍላለሁ፤ የሠለጠነ ሰው ግን አላገኝም» ብሎ ቢያማርር አይፈረድበትም። ከዚያ ወዲህ መጠኑ ደረጃ በደረጃ ዝቅ ተደርጓል።

ከነዚህ ምሳሌዎች ሦስት ነጥቦችን መያዝ ይቻላል። አንደኛ፣ መዋጮው በተለየ ሒሳብ ካልተቀመጠና አሠሪዎች በአስተዳደሩ ካልተወከሉ በጊዜ ብዛት ተራ ግብር ይሆናል። ሁለተኛ፣ መዋጮ የሚሰበሰበው ደመወዝ በመዝገብ ከሚከፍሉ ድርጅቶች ስለሆነ አብዛኛው ሕዝብ በግሉ በሚተዳደርበት አገር የሚሰበሰበው ውሱን ነው። 100 ሠራተኞች ያሉትና ለእያንዳንዱ በወር 6,000 ብር የሚከፍል ድርጅት በምሳሌ ብንወስድ 1 ከመቶው በዓመት 72,000 ብር ብቻ ነው። ሦስተኛ፣ መዋጮው ከፋዮቹን ብቻ እንዲጠቅም ከተደረገ ገበሬው፣ ሴት የቤት እመቤቷና የቀን ሠራተኛው ከጥቅሙ ውጭ ይሆናሉ። የደቡብ አፍሪካው የ20 ከመቶ ድርሻ የታሰበው ይህን ክፍተት ለመሙላት ነው።

አሠሪ በገንዘብ ብቻ ሳይሆን በዓይነትም ማዋጣት ይችላል። የ2000 ዓ.ም. የቴክኒክና ሙያ ስትራቴጂያችን ያስተዋወቀው የትብብር ሥልጠና ሠልጣኙ 70 ከመቶውን ጊዜ በሥራ ቦታ፣ 30 ከመቶውን በማሠልጠኛ እንዲያሳልፍ ያስባል። ይህ በሚገባ ቢሠራ ድርጅቱ ማሽኑን፣ አላቂ ዕቃውንና የባለሙያውን ጊዜ ያዋጣል ማለት ነው። ሠልጣኙ በሥራ ቦታ ላይ ሳለ የኪስ ገንዘብ ቢከፈለው ደግሞ ከላይ የተጠቀሰው የቀረ ገቢ በከፊል ይተካል። በጀርመን አገር የሙያ ሠልጣኝ ገና ከመጀመሪያው ዓመት ጀምሮ በውል የተወሰነ ክፍያ ከድርጅቱ የሚያገኘው በዚህ ምክንያት ነው።

5. የሠልጣኙ ድርሻ

ሠልጣኙ ከሥልጠናው ጥቅም ስለሚያገኝ ድርሻውን ይክፈል የሚለው ሐሳብ ተገቢነት አለው። ጥያቄው መቼ ይክፈል የሚለው ነው። በአገራችን የከፍተኛ ትምህርት የወጪ መጋራት ደንብ ቁጥር 91/1995 ሲወጣ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ የምግብና የመኝታውን ሙሉ ወጪ እንዲሁም ከትምህርቱ ወጪ ቢያንስ 15 ከመቶውን እንዲጋራ፣ ክፍያውንም ተመርቆ ሥራ ከያዘ በኋላ ከወር ገቢው ላይ እንዲከፍል ተደነገገ። በአንጻሩ በማታ መርሐ ግብር ወይም በግል ማሠልጠኛ የሚማር ጎልማሳ ክፍያውን የሚከፍለው ገና ሲመዘገብ ነው። ወጣቱና ወደ ተሻለ ደመወዝ የሚያመራው ተማሪ በዱቤ ሲማር፣ ቤተሰብ ያለውና ገቢው ዝቅተኛ የሆነው ጎልማሳ በጥሬ ገንዘብ ይማራል። ይህ ሊታሰብበት የሚገባ መዛባት ነው።

ታዲያ ለጎልማሳውም ብድር ይሰጠው ቢባል እንዴት? በዚህ ረገድ የአውስትራሊያ ታሪክ ብዙ ያስተምራል። ያች አገር ለዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1989 የጀመረችውን፣ ከገቢ ጋር ተያይዞ የሚመለስ ብድር ወደ ሙያ ሥልጠናም ዘረጋች። መንግሥት ገንዘቡን በሠልጣኙ ስም በቀጥታ ለኮሌጁ ይከፍላል፤ ሠልጣኙ ገቢው ከተወሰነ መጠን ሲያልፍ ይመልሳል። እ.ኤ.አ. በ2009 ወደ 26 ሚሊዮን ዶላር የነበረው የዓመት ብድር በ2015 ወደ 2.9 ቢሊዮን ዶላር ደረሰ። ገንዘቡ የሚለቀቀው ሠልጣኙ በመመዝገቡ እንጂ በመጨረሱ ስላልነበረ አንዳንድ የግል ኮሌጆች በየቤቱ እየዞሩ፣ ኮምፒዩተር እንሰጣለን እያሉ፣ ትምህርቱን ሊከታተል የማይችለውን ሰው ሁሉ መዘገቡ። ብዙዎቹ ሙያ ሳያገኙ ዕዳ ቀረባቸው። ዕቅዱ በ2016 መጨረሻ ተዘጋ፤ መንግሥትም ያለ አግባብ የተጫነውን ዕዳ ወደ መሰረዝ ገባ። በእንግሊዝም እ.ኤ.አ. በመስከረም 2000 የተከፈተው የግል የትምህርት ሒሳብ ከ2.5 ሚሊዮን በላይ ሰዎች ሒሳብ ከከፈቱ በኋላ፣ አሠልጣኝ ነን ባዮች ያላስተማሩትን እንዳስተማሩ አድርገው ገንዘብ በመውሰዳቸው በኅዳር 2001 በድንገት ተዘግቷል።

በሌላ በኩል ኬንያ እ.ኤ.አ. በ1997 ለትናንሽ የእጅ ሥራ ባለቤቶች የጀመረችው የሥልጠና ኩፖን የተለየ ትምህርት ይሰጣል። እነዚህ ሠራተኞች በስዋሂሊ ቋንቋ «ጁዋ ካሊ» ይባላሉ፤ ትርጉሙም ጠራራ ፀሐይ ማለት ሲሆን በጠራራ ፀሐይ ሜዳ ላይ መሥራታቸውን ያመለክታል። ኩፖኑ ከሥልጠናው ዋጋ እስከ 90 ከመቶ ይሸፍናል፤ የቀረውን ሠልጣኙ ከኪሱ ይከፍላል። የት እንደሚሠለጥን የሚመርጠውም ራሱ ነው። ሠልጣኞቹ በብዛት የመረጡት ትልልቅ ማሠልጠኛዎችን ሳይሆን በአካባቢያቸው ያሉ ልምድ ያላቸውን የእጅ ባለሙያዎች ሆነ። እነዚህ ባለሙያዎች ለሠልጣኙ ሥራ በሚመች ሰዓት፣ በአጭር ጊዜ፣ በሚሠራበት ዕቃ ላይ ስለሚያስተምሩ የቀረውን ገቢ አሳነሱለት። ከኪሱ ጥቂትም ቢሆን መክፈሉም ያልፈለገውን ሥልጠና እንዳይወስድ አደረገው። ይሁንና ኩፖን ማሳተም፣ ማደልና መቆጣጠር ብዙ የአስተዳደር ወጪ የሚጠይቅ፣ በውጭ ብድር የተደገፈ ሥራ ስለነበረ ብድሩ ሲያበቃ እርሱም አልቀጠለም።

6. ማሠልጠኛው የሚያገኘው የውስጥ ገቢ

የእንጨት ሥራ ክፍል ለትምህርት ቤቶች ዴስክ ቢሠራ፣ የብረታ ብረት ክፍል በርና መስኮት ቢሸጥ፣ የመኪና ጥገና ክፍል ለሕዝብ አገልግሎት ቢሰጥ ሁለት ጥቅም ይገኛል፤ ማሠልጠኛው ገቢ ያገኛል፣ ሠልጣኙም ገዢ የሚጠብቀውን ጥራት ይለምዳል። ነገር ግን ሁለት አደጋዎች አሉ። አንደኛው ገቢው ወደ ማዕከላዊ ግምጃ ቤት ተመላሽ እንዲሆን ከተገደደ ለመሥራት የሚተጋ አይኖርም። ሁለተኛው ደግሞ ገቢው የማሠልጠኛው ዋና ዓላማ ከሆነ ሠልጣኙ ያው የለመደውን አንድ ዓይነት ዴስክ ዓመቱን ሙሉ እየሠራ ያለ ደመወዝ ሠራተኛ ይሆናል። ስለዚህ ትእዛዝ ሲቀበሉ «ይህ ሥራ ሠልጣኙ ያልለመደው ምን ነገር አለው?» ብሎ መጠየቅ የመምህሩ ኃላፊነት ነው።

7. ምን ይደረግ?

ከላይ ከተዘረዘረው ተነሥተን የሚከተሉትን ነጥቦች ለውይይት እናቀርባለን።

ሀ) ገንዘብ በሦስት ጊዜ ተከፍሎ ይለቀቅ። ማሠልጠኛ የሚያገኘው ክፍያ ሁሉ በምዝገባ ቁጥር ላይ ከተመሠረተ ምዝገባ ይበዛል እንጂ ባለሙያ አይበዛም። ከፊሉ ሲመዘገብ፣ ከፊሉ በመካከል፣ የቀረው ሠልጣኙ የሙያ ብቃት ምዘና ሲያልፍ ቢከፈል ሁሉም ወገን እስከ መጨረሻው ይተጋል። ነገር ግን ደካማ ሠልጣኞችን የሚቀበሉ ማሠልጠኛዎች እንዳይጎዱ የመጨረሻው ክፍል እጅግ መብለጥ የለበትም።

ለ) ለአላቂ ዕቃ የሚመደበው ገንዘብ በሠልጣኝ ቁጥር ተሰልቶ በተለየ የበጀት መደብ ይያዝ። አዲስ ማሽን ሲገዛም የአምስት ዓመት የዕቃና የጥገና ወጪው አብሮ ካልቀረበ ግዥው ባይፈቀድ ይመረጣል።

ሐ) የሥልጠናው ጊዜ ከሠልጣኙ የገቢ ጊዜ ጋር ይጣጣም። በገጠር ከአዝመራ መሰብሰብ በኋላ ያሉት ወራት፣ በከተማ ደግሞ የገበያ ቀን ያልሆነው ቀን ይመረጥ። ረጅሙ ሥልጠና ተከፋፍሎ እያንዳንዱ ክፍል ራሱን የቻለ፣ በምዘና የሚረጋገጥ ቢሆን በመካከል ያቋረጠው ሰው ባዶ እጁን አይመለስም። ይህ ምንም ተጨማሪ በጀት የማይጠይቅ፣ ግን የቀረውን ገቢ ከማናቸውም ድጎማ ይበልጥ የሚቀንስ እርምጃ ነው።

መ) የአሠሪ መዋጮ ሲታሰብ በሕግ የተለየ ሒሳብ፣ አሠሪዎች የሚወከሉበት ቦርድና መዝገብ ላይ ላልሰፈረው ሠራተኛ የሚሆን የተወሰነ ድርሻ ከመጀመሪያው ይደንገግ።

ሠ) ዕቁብና ዕድር ይታሰቡ። የጎልማሶች ክፍል አባላት በመካከላቸው ዕቁብ ቢጥሉና ዕጣው ለመሣሪያ መግዣ እንዲሆን ቢስማሙ ሠልጣኙ ሲጨርስ የልብስ ስፌት መኪናው ወይም የቧንቧ ዕቃው ይጠብቀዋል። የዕቁቡን መዝገብ መያዝም ራሱ የሒሳብና የጽሕፈት ትምህርት ነው። ሆኖም ዕቁብ የመንግሥትን ድርሻ የሚተካ ሳይሆን የሚያግዝ መሆኑ አይዘንጋ።

ረ) መምህራን ሠልጣኝ ሲቀር ምክንያቱን በመዝገብ ይያዙ። «ቀረ» ብሎ ከመጻፍ ይልቅ «ለመኸር ሄደ»፣ «የሥራ ተራው ተለወጠ»፣ «የትራንስፖርት አጣ» ብሎ መጻፍ ለዕቅድ አውጭው ከብዙ ገጽ ሪፖርት ይበልጥ ይጠቅመዋል። የገንዘብ ዕቅድ የሚነሣው ከዚህ መዝገብ መሆን አለበት።

መደምደሚያ

ለሙያ ሥልጠናና ለጎልማሶች ትምህርት የሚያስፈልገውን ወጪ ብቻውን የሚሸፍን አንድ ምንጭ የለም። መሠረተ ትምህርት በመንግሥት በጀት፣ ለሥራ የሚያበቃ ሥልጠና በአሠሪና በመንግሥት፣ ሙያን የሚያሻሽል ተጨማሪ ሥልጠና ደግሞ ሠልጣኙም ከአሠሪው ጋር እየተጋገዘ ቢሸፈን ሸክሙ እንደ ጥቅሙ ይከፋፈላል። ከዚህ ሁሉ በላይ ግን የገንዘብ ምንጭ መገኘቱ የሥራው ግማሽ ብቻ መሆኑን ልብ ማለት ያሻል። በታንዛኒያ ብዙ ገንዘብ ተሰብስቦ ሲሶው ብቻ ደረሰ፤ በአውስትራሊያ ብዙ ገንዘብ ደርሶ ሙያ አልተገኘበትም፤ በእኛም አገር ጥቂት ገንዘብና ብዙ ጉልበት ታላቅ ሥራ ጀምሮ ለማቆየት የሚሆን ቋሚ መደብ አጣ። በሚያዝያ ከፊት ረድፍ የቀሩትን ጥቂት ጎልማሶች የሚያስተምር መምህር ከዕቅድ አውጭው የሚጠብቀው በመስከረም የተመዘገበውን ሰው እስከ ሰኔ የሚያደርስ አሠራር ነው።